እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም

ለራሴ የላክሁት ኢሜይል ሁሉ ይደርስ ነበር። ያሳበደኝም እሱ ነው። ከእጅ ስልኬ ወደ ቢሮ አድራሻዬ «ሙከራ»፣ «ሙከራ ሁለት»፣ በመጨረሻም «ኧረ ባክህ» እያልሁ ጻፍሁ፤ አንዱም ሳይቀር ገባ። ደንበኞቻችን የላኩት ግን እየተመለሰባቸው ነው። ሰኞ ጧት አንድ የአፍንጮ በር ሰው ላቡ በግንባሩ እየወረደ የእንጨት ደረጃችንን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣና አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። የልጁን የልደት ወረቀት ሊያስተረጉም በኢሜይል ልኮልን ኖሮ፣ የመጣለትን መልስ አሳትሞ ነው የመጣው።

«አንብቢው» አለኝ።

በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ መስመር ነው። እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም ይላል።

«የላችሁም እኮ ነው የሚለው» አለ። «ታዲያ አሁን ከማን ጋር ነው የማወራው? ከመንፈሳችሁ ጋር?»

ሳቅሁ። አድራሻውን ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ፊደል በፊደል አየሁት፤ አልተሳሳተም። የመልሱን ወረቀት አስቀርቼ ሸኘሁትና በሩን ዘጋሁ።

የምሠራው ፒያሳ፣ ሳይፈርስ በተረፈው በኩል፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ባለ የትርጉም ቤት ነው። የልደትና የጋብቻ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የሐኪም ማስረጃ እንተረጉማለን። ተርጓሚው አለቃዬ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሰው ሁሉ በነጻ ኢሜይል በሚገለገልበት ዘመን እሳቸው «የሰው ምስጢር ሰው ቤት አይቀመጥም» ብለው የራሳቸውን የኢሜይል ሰርቨር አስተክለዋል። ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጠረጴዛዬ ሥር፣ እግሬ አጠገብ፣ አቧራ እንዳይገባው በአሮጌ ሻሽ የተሸፈነ አንድ ጥቁር ኮምፒዩተር ነው። እኔ ከትርጉም የማውቀው ነገር የለም፤ የኮምፒዩተሩ አስታማሚ ነኝ። በተረፈኝ ጊዜ ፕሪንተር እፈታለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ።

ያስደነገጠኝ የአፍንጮ በሩ ሰው ወረቀት አልነበረም። እሱ ነገም ይልካል፣ ባይሆን ፍላሹን ይዞ ይመጣል። ያስደነገጠኝ ሌላ ደብዳቤ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንጠብቀው የኖርነው።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካልሲና ሻርፕ ዘርግታ የምትሸጥ ሴትዮ አለች። እትዬ ነው የምላት። እርስዎ ልበላት ብዬ ሞክሬ «አሮጊት አታድርጊኝ» ስላለችኝ ትቼዋለሁ። ከወልቂጤ ማዶ የመጣች፣ ቀጭን፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ከብዙ ዓመት በፊት አራት ዓመት የሆናትን ሴት ልጇን በጉዲፈቻ ለውጭ አገር ሰዎች ሰጥታለች። ባሏ በሞተበት፣ እሷም ሳንባዋን ታማ በተኛችበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ስንቴ ተቀያይሯል። የኖረችበት የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈርሶ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ልጅቷ እናቴን ልፈልግ ብላ አውሮፕላን ተሳፍራ ብትመጣ እንኳ የምታንኳኳው በር የለም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጋሼ አዘኑላትና ልጅቷን ለወሰደው ድርጅት ደብዳቤ ጻፉላት። እናትሽ አለች፤ መጻፍ ስትፈልጊ በዚህ ጻፊላት የሚል ነው። ለዚያ ብዬ በእትዬ ስም፣ ከነአባቷ፣ አንድ የኢሜይል አድራሻ ከፈትሁ። ድርጅቱ ደብዳቤውን ለልጅቷ አድርሰናል፤ መጻፍ አለመጻፍ የሷ ፈንታ ነው ብሎ መለሰ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ዓርብ ዓርብ ዕቃዋን አጠገቧ ላለችው ሻጭ አደራ ትሰጥና ወደኛ ትወጣለች። በሩ ላይ ቆማ «መጣ?» ትለኛለች። «ገና ነው እትዬ» እላታለሁ። «እሺ፣ አላህ ያውቃል» ብላ ትወርዳለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ የረዘመ ነገር ተነጋግረን አናውቅም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ያን ወረቀት እንዳነበብሁ ከስልኬ ወደ እትዬ አድራሻ ሁለት ቃል ጻፍሁና ላክሁ። ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሰ። የእትዬ ስም ከነአባቷ ተጽፏል፤ ከሥሩ እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም ይላል። ከመቼ ጀምሮ ነው የለችም የሚለው? በዚህ መካከል ልጅቷ ጽፋ ቢሆንስ? ይህን ጥያቄ ከራሴ ማውጣት አቃተኝ።

የተቀባዮች ስም ያለበትን ፋይል ከፈትሁ። የእትዬ ስም ቁጭ ብሏል። ሰርቨሩን ሪስታርት አደረግሁ፤ ያው ነው። ስሟን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጻፍሁ፤ ያው ነው። የኢሜይሉን ፕሮግራም ቨርዥንህ ስንት ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ ከአራት ዓመት በፊት በእጄ የጫንሁትን ነገረኝ። የማስተካከያ ፋይልህ ስህተት አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ ንጹሕ ነኝ አለ። ሎግ የምንለውን፣ ፕሮግራሙ ውሎውን የሚጽፍበትን መዝገብ ከፈትሁ፤ አንድም የስህተት መስመር የለበትም። ጸጥ ያለ መዝገብ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። የዚህኛው የመጨረሻ መስመር የሦስት ሳምንት ዕድሜ እንዳለው ያየሁት ግን ረቡዕ ነው።

ማክሰኞ ምሳ አልበላሁም። ከታች ካለው ኬክ ቤት ያመጡልኝ ማኪያቶ ቆዳ አውጥቶ ቀረ። በኢንተርኔት ላይ እንደኔው የቸገራቸው ሰዎች የጠየቁትን ሁሉ አነበብሁ፤ ሁሉም በመጨረሻ አመሰግናለሁ፣ ተስተካከለልኝ ብለው ይሄዳሉ፤ ምን እንዳደረጉ አይናገሩም። ያሉኝን ሁሉ ሞከርሁ። አንዱን ስቀይር ሌላው ተበላሽቶ እንደሆነ እፈራለሁ፤ መልሼ እንዳልነበረ አደርገዋለሁ፤ ቀጥሎ ምኑን እንደቀየርሁ እረሳለሁ። ጋሼ በየሰዓቱ ብቅ እያሉ «አይዞሽ» ይሉኛል። ወደ አሥር ሰዓት ላይ «ጋሼ፣ አይዞሽ አይበሉኝ! ምንም አይዞሽ የሚባል ነገር የለም!» ብዬ ጮኽሁባቸው። በትልቅ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። እሳቸውም በሩን ቀስ አድርገው መለሱት። ያን ጊዜ ጭንቅላቴን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ አለቀስሁ።

ረቡዕ ጧት የመጣሁት ለማስተካከል አልነበረም፤ ለመበቀል ነው። የማስተካከያ ፋይሉን ከፈትሁና ከላይ እስከ ታች ስድብ ጻፍሁበት። በአማርኛ። እዚህ የማልደግመው ዓይነት፣ ልጅ ሳለሁ ከሰፈር የለቃቀምሁት። ከዚያ ሪስታርት አደረግሁት። እንዲህ ያለ ነገር ያነበበ ፕሮግራም መነሣት አይችልም፤ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ጮኾ መሞት ነበረበት። እሱ ግን ተነሣ። ደህና ነኝ አለ። ለራሴ ኢሜይል ላክሁ፤ ገባ።

ያኔ ገባኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳስተካክለው የዋልሁትን ፋይል የሚያነብ አልነበረም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዝሁት። የሰርቨሩ በር ላይ ቆሞ ደብዳቤ የሚቀበለውና የሚመልሰው ሌላ ፕሮግራም ነው። ማንኛው እንደሆነም ወዲያው አወቅሁ፤ ማወቄ ደግሞ ካለማወቄ ባሰብኝ።

ሰርቨሩን መጀመሪያ የተከሉት መምህሬ ናቸው። አራት ኪሎ አካባቢ በነበረ አንድ ማሠልጠኛ ኮምፒዩተር ያስተማሩኝ፣ እዚህ ቢሮም በተለማማጅነት ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ፕሮግራሙን ዝግጁውን አውርደው አልጫኑትም። እያንዳንዱን ክፍል በእጃቸው ገጣጥመው ሳምንት ፈጅተው ነው የሠሩት። ተቀባይ ሲጠፋ የሚላከውንም መልስ ራሳቸው ጻፉት። ሌላው አገር የሚጠቀመው መልስ ደረቅ ነው፣ ቁጥር ብቻ ነው ብለው «ማሽንም ቢሆን ሰው ሰው መሽተት አለበት» አሉኝ። እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም የምትለው የሳቸው እንግሊዝኛ ናት። ሰኞ ወረቀቱን ሳነብ ላውቃት ይገባ ነበር።

መምህሬ ጡረታ ወጡ፤ ፕሮግራሙም አረጀ። ከአራት ዓመት በፊት አዲሱን ቨርዥን ከጎኑ ጫንሁ። አሮጌውን ማጥፋት ነበረብኝ። ማጥፊያው አንድ መስመር ነው፤ ጣቴ እዚያ ደርሶ እንቢ አለኝ። መምህሬ በየሁለት ሦስት ወሩ ከሥላሴ በኩል በእግራቸው ይመጣሉ፤ ከታች ማኪያቷቸውን ይጠጣሉ፤ ከዚያ በከዘራቸው ደረጃውን ይወጡና «ይሠራል?» ይሉኛል። «ይሠራል መምህር፣ እንደተከሉት ነው» አልኋቸው የመጀመሪያ ቀን። ምን ልበል? አጥፍቼዋለሁ ልበላቸው? ፊደል ያስቆጠረ ሰው ፊት እንዲህ አይባልም። እሳቸው ግን አመኑኝና «እስቲ ልየው» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የከዘራቸውን ድምፅ ደረጃው ላይ ስሰማ አዲሱን ፕሮግራም አስተኝቼ የሳቸውን አስነሳለሁ። እሳቸው ቁጭ ብለው ደብዳቤዎች መስመር በመስመር ሲያልፉ ያያሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ውኃ ይጠጣሉ፤ ይመርቁኝና ይሄዳሉ። ወዲያው እመልሰዋለሁ። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ቲያትር ነው፤ ማንንም አይጎዳም ብዬ ነበር። በቅርቡ አንድ ቀን እሳቸው ተቀምጠው ሳለ መብራት ሄደና መጣ፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሳቸው ፕሮግራም አብሮ አልተነሣም። «አረጀ በይኛ» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሌላ ጊዜ እንዲህ እንዳይሆን ብዬ ኮምፒዩተሩ ሲበራ በራሳቸው ከሚነሡት ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ የሳቸውን ጻፍሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ከዝርዝሩ አላወጣሁትም፤ ረሳሁት።

ከሦስት ሳምንት በፊት መብራት ሄደ። ሲመለስ ሁለቱም ተነሡ። በሩ አንድ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል። የመምህሬ አሮጌ ፕሮግራም ቀላል ስለሆነ ቀደመ። አዲሱ በሩ ተይዞ ሲያገኘው ተመልሶ ተኛ። እኔ ሪስታርት የማደርግበት ትእዛዝ ደግሞ ያኔ መምህሬ ያስተማሩኝ፣ ጣቴ የለመደው ነው፤ የሚያስነሳውም የሳቸውን ነው። የሳቸው ፕሮግራም የሚያውቀው በሳቸው ዘመን የነበሩትን ስሞች ብቻ ነው። እኔ ያኔ ተለማማጅ ነበርሁና ስሜ አለበት። ከዚያ በኋላ የከፈትሁት አድራሻ፣ ደንበኞች የሚልኩበትም ጭምር፣ አንዱም የለበትም፤ እትዬም የለችበትም።

የመምህሬን ፕሮግራም አስቆምሁት። አሁን ያ አንድ መስመር አላስቸገረኝም፤ ከነሥሩ አጠፋሁት። ስድቤን ከፋይሉ አውጥቼ አዲሱን አስነሣሁ። ወደ እትዬ አድራሻ ላክሁ፤ ገባ። ጠቅላላው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ሳላጠፋ ያስቀረሁትን የአሮጌውን ፕሮግራም መዝገብ ከፈትሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንን እንደመለሰ እዚያ ተጽፏል። ብዙው የማስታወቂያ ቆሻሻ ነው። የደንበኞቻችንም አለ፤ የአፍንጮ በሩን ሰው አየሁት። ወደ ታች ወረድሁ፤ ወረድሁ።

አገኘኋት። ማክሰኞ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ። ላኪዋ ልጅቷ ያደገችበት አገር አድራሻ ያላት፤ ተቀባይዋ እትዬ። ተመልሷል። ከአራት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ያው አድራሻ፤ ተመልሷል። ረቡዕ ጧት ሦስተኛ፤ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ የለም። የላኪዋ አድራሻ የፊተኛው ግማሽ ስም ነው። አሳዳጊዎቿ ያወጡላት ስም አይደለም፤ እትዬ ያወጣችላት፣ የወልቂጤ ማዶ ስም ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ልጅቷ ለእናቷ ለመጻፍ ብላ በዚያ ስም አዲስ አድራሻ እንደከፈተች ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

አንድ ተስፋ ቀረኝና ለመምህሬ ደወልሁ።

«መምህር፣ የርስዎ ፕሮግራም የመለሰውን ደብዳቤ ኮፒ ያስቀራል? የሆነ ቦታ ይኖራል?»

«የለም ልጄ። በር ላይ ነው የሚመልሰው። የተቀባዩን ስም አይቶ ከሌለ፣ ደብዳቤውን ሳይቀበል ነው የሚያሰናብተው። ምነው? ምን ሆነ?»

ነገርኋቸው። ቲያትሩንም፣ ዝርዝሩንም፣ ልጅቷንም፤ አንድ አላስቀረሁም። የተቆጡ መስሎኝ ስድቡን ጠበቅሁ።

«ቆይ እስቲ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻውን ሠራ ማለት ነው?»

በድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበር። ደብቀውታል፤ ግን ነበር። በሕይወቴ ሰውን እንደዚያች ደቂቃ ጠልቼ አላውቅም። «አዎ መምህር፣ ጥሩ አድርጎ ሠራ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ ደረጃችንን አልወጡም፤ እኔም ሄጄ አልጠየቅኋቸውም።

ለጋሼ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ለእትዬ አሁኑኑ እንደውልላት አልሁ። እሳቸው «ኧረ ተይ» አሉ። «መርዶ እንኳ በሽማግሌ ነው የሚነገረው፣ በስልክ ይባላል እንዴ? ለልጅቷ ጽፈን እንጠይቃት። መልስ ሲመጣ ደስታውን ብቻ እንነግራታለን። መሐል ላይ ያለውን ማወቅ ምን ያደርግላታል?» ነገሩ ትክክል እንዳልሆነ ታውቆኛል። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ፈርቼም ነበር። እሺ አልሁ። በዚያው ረቡዕ በቢሯችን ስም ለልጅቷ ጻፍን። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ዋልሁ። ምንም የለም።

ዓርብ ወደ ሰባት ሰዓት ላይ እትዬ መጣች። በሩ ላይ ቆመች።

«መጣ?»

«ገና ነው እትዬ» ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ያልሁት ነው፤ ለመናገሩ ሐሳብ አይጠይቅም። ጋሼ ከውስጠኛው ክፍል አንገታቸውን አውጥተው ያዩኛል። አንድ ሽማግሌ ደስ ይበላቸው ብዬ የዋሸሁት ምን እንዳደረሰ በዓይኔ ካየሁ ሁለት ቀኔ ነው። ሁለተኛው ውሸት አልወጣ አለኝ።

«ነይ እስቲ ተቀመጪ እትዬ» አልኋት።

ፊቷ ተለዋወጠ። ነይ ተቀመጪ ተብሎ የሚነገር ወሬ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም።

«ሞታለች?» አለችኝ።

«ኧረ አልሞተችም! ጽፋልሽ ነበር።»

እዚያው በሩ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርኋት። ፕሮግራምና ቨርዥን አላልሁም፤ ሁለት ዘበኛ አንድ በር ላይ ነበሩ፣ አንቺን የማያውቀው ቀድሞ ቆሞ ልጅሽን መለሳት አልኋት። እንዲቆም ያደረግሁትም እኔ ነኝ አልኋት።

«ሦስቴ?» አለች።

«ሦስቴ።»

«በማን ስም?»

ስሙን ነገርኋት። የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ቆየች።

«እኔ ያወጣሁላትን ነው እኮ» አለች። «ቀይረዋታል ብዬ… ስሟን ታውቀዋለች ማለት ነው።»

«ታውቀዋለች።»

ማልቀስ የጀመርሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ እያልሁ፣ አፍንጫዬን በእጄ እየጠረግሁ። አላባበለችኝም። «ተይ እስቲ አንቺ ደግሞ፣ ለማን ነው የምታለቅሽው?» አለችኝ ቆጣ ብላ። «መልሰሽ ምን ብለሽ ጻፍሽላት?»

ጋሼ የተረጎሙትን የአማርኛ ረቂቅ አነበብሁላት። በተፈጠረው ቴክኒካዊ ችግር ምክንያት መልእክትዎ ያልደረሰን በመሆኑ፣ ለደረሰብዎ መጉላላት ይቅርታ እየጠየቅን፣ መልእክትዎን በድጋሚ እንዲልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን የሚል ነው። ሳነበው ራሴ አፈርሁ።

«አታምናችሁም» አለች እትዬ።

«ለምን?» አሉ ጋሼ።

ወደ እሳቸው ዞራ፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ፣ በዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰምቼ በማላውቀው ርዝመት ተናገረች።

«ለርስዎም አልነገርኩም ጋሼ። ያኔ ልሰጣት ስል ወረቀት የሚሞሉት ሰዎች እናት ካላት ነገሩ ይጓተታል አሉኝ። አክስቷ ነኝ በይ አሉኝ። እኔ ደም እየተፋሁ ነበር፤ የምሞት መስሎኝ ነበር። አክስቷ ነኝ አልኩ። እናቷ ሞታለች አልኩ። በአፌ! እሷ እጄን ይዛ ቆማለች፣ ትሰማለች። አሻራዬን አደረግኩ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እናትሽ የለችም ተብላ ነው ያደገችው። እናንተ አለች ብላችሁ ጻፋችሁላት። ሁለት ዓመት አስባበት መጥታ ስትጠይቅ የለችም አላችኋት። ማንን ትመን?»

ጋሼ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ከታች የታክሲ ረዳት ይጮኻል። እኔ መጥፋት ፈለግሁ።

«ጻፊ» አለችኝ እትዬ። «በአማርኛ ጻፊው። ጋሼ የነሱን ቋንቋ ከሥር ያድርጉልኝ።»

ጣቶቼን ኪቦርዱ ላይ አኖርሁ።

«አክስትሽ አይደለሁም በያት። እናትሽ ነኝ። አልሞትኩም። አለሁ።»

ጻፍሁ። «ሌላስ?» አልኋት።

«ሌላ ምን አለ?»

ጋሼ ከሥሩ ተረጎሙት፤ አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ለመተርጎም ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ላክሁት። እትዬ ተነሥታ ከኋላዬ ቆመችና ስክሪኑን አየች።

«ገባ?»

«እዚያ ያለው ማሽን ተቀብሎታል።»

«እሷስ?»

«እሷን አላውቅም እትዬ።»

ራሷን ነቀነቀች። ሻርፗን አስተካከለችና ወደ ካልሲዋ ወረደች።

አሁን ዓርብ ዓርብ ስትመጣ «መጣ?» አትለኝም። በሩ ላይ ቆማ «ጻፊ» ትለኛለች። ምን ብዬ እንደምጽፍ አልጠይቃትም። አለሁ ብዬ እጽፋለሁ፤ ጋሼ ከሥሩ በዚያ አገር ቋንቋ ያደርጉታል፤ እልካለሁ። እስካሁን መልስ የለም። የዛሬው ሰባተኛው ነው።